ተዝካሩ ለተበላ ሰው የተጻፈ ማስረጃ

«ሥራሽ ምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገኝ «ሰው አልሞተም ብሎ መጻፍ» እላለሁ። ይስቃሉ። ይሳቁ፤ እኔ ግን የምሬን ነው። ዕድሜዬን በሙሉ በዋግ ኽምራ መዝገብ ቤቶች ታይፕ ስመታ ነው የኖርኩት። እገሌ ተወልዷል፣ እገሌ አላገባም፣ እገሌ አልሞተም፤ ይኸው ነው ሥራዬ። ሰው በገዛ ቀዬው ሲኖር ይህን የሚጠይቀው የለም። ባሕር የተሻገረ ለት ግን መወለዱን እንኳ የሚያምነው ያጣል። ያን ጊዜ ቆንስላው ይጽፋል፣ እኛ እንመልሳለን።

ባለፈው ሰሞን ጡረታ ወጣሁ። የአገሩን ሰው ደብዳቤ ሁሉ ስጽፍ ኖሬ፣ የራሴን የጡረታ ደብዳቤ አንዲት ልጅ በኮምፒውተር ጻፈችና ከማሽኑ እንደ ቂጣ ትኩሱን አውጥታ ሰጠችኝ። ስሕተት ላገኝባት መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አነበብኩት። የለበትም። ተናደድኩ። «እትዬ አበራሽ፣ ምነው ከፋዎት?» አለችኝ። «ኧረ ደስ ብሎኝ ነው» አልኳት። ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሰጥተው ሸኙኝ። ሰዓቱ ጥቂት ሰንብቶ ቆመ፤ እሱም ጡረታ ወጣ መሰለኝ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ጽጽቃ ነበር። መሥሪያ ቤታችን አንድ ክፍል ሆኖ ግማሹ የእርዳታ እህል ማስቀመጫ ነው። እኔ ታይፕ ስመታ አይጧ ከማዳበሪያው ሥር ብቅ ብላ ታየኛለች፤ ለሥራዬ ያን ያህል ትኩረት የሰጠ አለቃ ኖሮኝ አያውቅም። አለቃዬማ ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ እየተንጎራደደ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ይጀምርና ይወጣል፣ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ይጨርሰዋል። ከዚያ ወደ ኒሯቅ ተዛወርኩ። ኒሯቅ ቆላ ነው፤ በሙቀቱ ካርቦኑ እየላላ እጄም ቀሚሴም ጠቁሮ ነው ማታ ቤቴ የምገባው። የኒሯቁ አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ጥፋታቸው የቀረበላቸውን ሁሉ መፈረማቸው ነው። አንድ ጊዜ ዓረብ አገር ላለ ሰው «ያላገባ መሆኑን እናረጋግጣለን» ብለን ጻፍን። ደብዳቤው ከከተማው ሳይወጣ አንዲት ሴት ሁለት ልጅ አስከትላ፣ አንዱን አዝላ መጣችና ከዚያው ሰውዬ የተላከላትን የውክልና ወረቀት መዝግቡልኝ አለች። «ምንሽ ነው?» ብላት «ባሌ ነዋ» አለች። አለቃዬ እሱንም ፈረሙ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም አይነቅዝም።

ሥራ ያወቅሁት ሰቆጣ ስመጣ ነው። ሰቆጣ ስል ጋሽ ብርሃኑን ማለቴ ነው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ፤ በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት የተማሩ፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የማያወልቁ ሰው። ማኅተም ሊመቱ ሲሉ መጀመሪያ «ሃ» ብለው ይተነፍሱበታል፣ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ይሞክሩታል፣ ከዚያ ግማሹን ፎቶው ላይ፣ ግማሹን ወረቀቱ ላይ ያሳርፉታል። ማኅተሙ ትንሽ ወደ ዓይኑ ካለፈ «የሰው ፊት አበላሸሁ» ብለው ወረቀቱን ከነግልባጩ እንደገና ያስጽፉኛል። ፊደል ስስትም ማጥፊያ አያስነኩኝም። «የተፋቀ ወረቀት ይዞ የሄደን ሰው ፈረንጅ ሌባ ነው ይለዋል» ይሉ ነበር። ስንት ጊዜ በልቤ ረግሜያቸዋለሁ።

ምስክር ሲሰሙ ደግሞ ማየት ነው። ሦስቱን አንድ ላይ አያስቀምጧቸውም። አንዱን በረንዳ፣ አንዱን እኔ ዘንድ፣ አንዱን እሳቸው ዘንድ። ስለ ጉዳዩ መጀመሪያ ትንፍሽ አይሉም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ የማን ማሳ ከማን ማሳ እንደሚዋሰን ይጠይቃሉ። ሰውዬው ቢሮ መግባቱን ሲረሳ «ለመሆኑ የእገሌ ልጅ ወዴት ገባ?» ይላሉ፤ ያኔ ነገሩ በራሱ ይወጣል። ኽምጣኛ እንደሚሰሙም ለባለጉዳይ አይነግሩም። ምስክሮቹ እኛ እንዳንሰማ በኽምጣኛ ሲመካከሩ እሳቸው እርሳስ እየቀረጹ ያዳምጣሉ። አንድ ነገር ግን አለባቸው። ምስክር ያላለውን አይጽፉም፣ ያለውንም አያስቀሩም። «እኛ ጸሐፊ ነን፣ ፈጣሪ አይደለንም» ነው ቃላቸው። ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣችብንም ይቺው ቃላቸው ናት።

አንድ ቀን ከቆንስላ ደብዳቤ መጣልን። የቆንስላ ደብዳቤ በዚያን ጊዜ ከውጭ እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ሰቆጣ በመኪና፤ ከሰቆጣ ደሃና ገጠር ደግሞ በገበያተኛ እጅ በእግር ይሄዳል። ደብዳቤው የሚለው እንዲህ ነው። ኪሮስ የሚባል የደሃና ሰው በሰባ ሰባት ድርቅ ወደ ሱዳን ተሰዶ፣ ከሱዳን ባሕር ተሻግሮ፣ አሁን አገሩ ገብቶ እናቱን ማየት ይፈልጋል። ፓስፖርት ግን የለውም፤ በጊዜያዊ ወረቀት ነው የሚኖረው። ቆንስላው ፓስፖርት የሚሰጠው የትውልድ ቦታው «ሰውዬው የእኛ ነው፣ የእገሊት ልጅ ነው» ብሎ በሦስት ምስክር ሲያረጋግጥለት ነው። ፎቶው ተያይዟል። አገሩን አልጠራውም፤ ቆንስላው ዛሬም አለ፣ እኔም ጡረታዬን እወዳታለሁ።

እናቱ እማማ ዘነበች ተጠርተው መጡ። አጠር ያሉ፣ ምርኩዛቸውን እንደ ጦር የሚይዙ ባልቴት ናቸው። ከኪሮስ ሌላ ልጅ የላቸውም። ፎቶውን ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ደክሟልና ወደ መስኮቱ ወስደው አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት። ሳሙት። ከዚያ ወደ ጋሽ ብርሃኑ ዞረው «ዓይኔ ሳይጨልም አምጡልኝ» አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

«ቀላል ነው፣ እማማ። ሦስት ምስክር ብቻ ያምጡ» አሏቸው ጋሽ ብርሃኑ።

«ምስክር ምን ያደርጋል? እኔው ነኝ የወለድኩት።»

«እናት ለልጇ ምስክር አትሆንም፤ ደንቡ ነው።»

«ታዲያ ሲወለድ ሌላ ማን ነበረ?» አሉ እማማ ዘነበች። ጋሽ ብርሃኑ እርሳሳቸውን መቅረጽ ጀመሩ።

በሚቀጥለው ገበያ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። የሦስቱ አውራ አያ ሞላ ናቸው፤ የመንደሩ አስታራቂ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ፣ ጢማቸውን እያሻሹ የሚናገሩ። ጋሽ ብርሃኑ እንደ ልማዳቸው ለያዩአቸውና አያ ሞላን እሳቸው ዘንድ አስቀመጡ። ስለ ገብሱ አወሩ። ስለ በሬ አወሩ። በመጨረሻ ፎቶውን አሳዩአቸው።

«ይኸን ሰው ያውቁታል?»

«እንዴታ። ኪሮስ ነው፣ የዘነበች ልጅ። ነፍሱን ይማረውና መልካም ልጅ ነበር።»

«ይኸ ፎቶ እኮ የዘንድሮ ነው፣ አያ ሞላ። ሰውየው በሕይወት አለ።»

«የለም።»

«ፎቶው እሱ ነው ብለዋል።»

«እሱ ነው። ግን ሞቷል፤ ተዝካሩን በልቻለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱዳን የተመለሰ አንድ ሰው ኪሮስ ካምፕ ውስጥ ሞተ ብሎ ተናግሮ ነበር። እማማ ዘነበች አለቀሱ፣ ፀጉራቸውን ተላጩ፣ ጥቁር ለበሱ። እህል የተገኘ ዓመትም ያላቸውን በሬ አሳርደው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ካህናቱን ጠርተው ተዝካሩን አወጡ። መንደሩ በሙሉ በላ፤ «ነፍስ ይማር» ብሎም ተነሣ። በሕይወት መኖሩን እማማ ዘነበች የሰሙት በእኛ ጥሪ ነው፤ ስለ ተዝካሩ ግን አልነገሩንም ነበር። አሁን እነዚህ ሽማግሌዎች በመስቀል ፊት ቆመው «በሕይወት አለ» ብለው ይማሉ? በሕይወት አለ ካሉ ያን ጊዜ የበሉት ምን ነበር? በእኛ አገር ሰው በሐሰት ከሚምል ማሳውን ቢያጣ ይመርጣል። ሌሎቹ ሁለቱም ለየብቻ ሲጠየቁ ያው ነው ያሉት። አንደኛው እንዲያውም ጠላው ጥሩ እንደነበረ አከለበት።

እማማ ዘነበች ከበረንዳው ሰምተው ገቡ። «እኔ ነኝ ያበላሁህ፣ ሞላ። እኔ ነኝ አለ የምልህ።»

«እሱማ አንቺ ነሽ፣ እቴ። ሞተም ያልሽን አንቺ ነሽ» አሉ አያ ሞላ፤ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም።

ጋሽ ብርሃኑ ታዲያ ምን አደረጉ? ሦስቱ ያሉትን ቃል በቃል አስጻፉኝ። «ምስክሮቹ የፎቶግራፉን ባለቤት ለይተው ያወቁት ሲሆን፣ ግለሰቡ ግን ሟች መሆኑንና ተዝካሩም በሥርዓቱ መሠረት የተበላ መሆኑን አረጋግጠዋል።» እጄ ታይፑ ላይ እንዳለ ቀና ብዬ አየኋቸው። «ጋሽ ብርሃኑ፣ ይኸ ይላካል?» አልኩ። «ያሉትን ነው የጻፍነው። የሚያነበው ሰው ነገሩን ይረዳል» አሉ። የበላይ ኃላፊያችን ወጣት ነበር፣ ስብሰባ የሚወድ። ወደ መኪናው እየሄደ በሰው ጀርባ ላይ አስደግፎ ፈረመው። አላነበበውም።

ብዙ ቆይቶ መልሱ መጣ። እስከ ዛሬ በቃሌ ነው። «ሟች መሆኑ የተገለጸልን ግለሰብ ደብዳቤውን ለመቀበል በአካል ቀርቧል። የሞተ ሰው በአካል ሊቀርብ ስለማይችል፣ የቀረበው በሟች ስም የሚጠቀም ሌላ ሰው ሆኖ ስላገኘነው፣ ይዞት የነበረውን ጊዜያዊ ወረቀት ይዘናል።» መጀመሪያ ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ሳቄ አመለጠኝ። በዚያው ፖስታ ግን ኪሮስ ራሱ በእኛ አድራሻ ለእናቱ የላከው ወረቀት መጥቶ ነበር። እማማ ዘነበች ማንበብ አይችሉምና እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። ወረቀቱን እንደቀሙት፣ ያለ ወረቀት የሚያሠራው ስላጣ ከሥራ እንደወጣ፣ ፖሊስ ቢያስቆመው ማን ነኝ እንደሚል እንደማያውቅ ይናገራል። መጨረሻው ላይ «እምዬ፣ ሞተሃል ያለኝ ማን ነው?» ይላል።

እማማ ዘነበች ብዙ አላሉም። «አንድ ጊዜ አልቅሼ ጨርሼ ነበር» አሉ። «እናንተ ደግሞ ሁለተኛ ገደላችሁብኝ።» ከዚያ ምርኩዛቸውን አንሥተው ታይፔን አንድ ጊዜ መቱና ወጡ። ከዚያን ቀን ወዲያ ታይፔን «ገዳይ» ነው የሚሏት።

ጋሽ ብርሃኑ ያን ቀን ምሳ አልወጡም። ኮታቸውን እንደለበሱ ግድግዳ ግድግዳ ሲያዩ ዋሉ። «አበራሽ፣ ውሸት ጽፌያለሁ እንዴ?» አሉኝ። «የለም፣ ያሉትን ነው የጻፉት።» «ታዲያ ሰውየው በምን ሞተ?» አሉ። እኔም እዚያው ታይፔ ላይ አለቀስኩ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ደብዳቤ ተበላሽቶብኛል፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ሰውየውን ያለ አገር ያለ ወረቀት ሜዳ ላይ የጣልነው እኛ ነን፣ በጥሩ አማርኛና ባልተፋቀ ወረቀት።

በማግሥቱ ጋሽ ብርሃኑ ተነሥተው «እኛ እንሂድ» አሉ። ምስክሮቹ ሁለተኛ ሰቆጣ አይመጡም፤ መንደሩ ውስጥ ግን የሚመክር ሰው አለ፣ ቄስ አለ። ታይፗም ትሂድ አሉ። መኪናው የቻለበት ድረስ ወሰደን። ከዚያ አህያ ተከራየን። ታይፗን በአንድ ወገን ጫንናት፤ ሚዛኑ እንዲገጥም ባለ አህያው በሌላው ወገን የወፍጮ መጅ ጫነበት። መንገዱ ገደል ነው። ጭነቱ በተንገጫገጨ ቁጥር የታይፗ ደወል ቂል ትላለች፣ ቂል ባለች ቁጥር አህያዋ ቀጥ ትላለች። ጋሽ ብርሃኑ ከኋላ ሆነው «ለእሷም ደብዳቤ እንጻፍላት እንዴ» አሉ። ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ሲቀልዱ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰዉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። እማማ ዘነበች ከፊት ተቀመጡ። ጋሽ ብርሃኑ የኪሮስን ደብዳቤ ለሁሉም አነበቡ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። አያ ሞላ ተነሡ።

«እኔ ኪሮስ አይኑር አላልኩም። ይኑር፣ እስኪሰለቸው ይኑር። ወረቀቱን መቀማታቸውም አንጀቴን በልቶታል። ግን ተዝካሩን የበላሁለትን ሰው አልሞተም ብዬ መስቀል አልመታም። ነገ ልጆቼን ምን እላቸዋለሁ?»

«እንግዲያ በሬዬን መልስልኝ» አሉ እማማ ዘነበች።

«እሱማ ወዴት ይመለሳል፣ እቴ።»

የመንደሩ ቄስ፣ ቄስ ገብሬ፣ ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። «ሞላ ስለበላው ተጨነቀ፤ ፍትሐቱን ያደረስኩት እኔስ?» አሉ። «በሥላሴ ስም ነፍሱን አሳርፍ ብዬ የጸለይኩለት ሰው ፓስፖርት ሲጠይቅ ምን ልበል?» አንዱ ተነሥቶ ሌላ ኪሮስ ይሆናል አለ። ሌላው ካልሞተ ለምን ዝም አለ አለ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ተመለሰ። ፀሐዩ በረታ። እኔም ይኸ ነገር ዛሬ አያልቅም ብዬ አህያዋን ጥላ ሥር ወሰድኳት።

አያ ሞላ ግን ቁጭ ብለው ጢማቸውን ያሻሹ ነበር። ሰውየው መውጫ ይፈልጉ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። «ቄስ ገብሬ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የአጎቴን ድግስ ያስታውሱታል?»

«የትኛውን?»

«ልጆቹን ያላመነውን። ‹እኔ ስሞት በሬዬን ሸጠው ይከፋፈሉታል እንጂ ለነፍሴ አያርዱልኝም› ብሎ በሕይወቱ ተዝካሩን ያወጣውን። ራሱ ጠላ እየቀዳ ‹ብሉ፣ ጠጡ፣ ነፍስ ይማር በሉኝ› እያለ ሲዞር በዓይኔ አይቼዋለሁ። እኛም ፊት ለፊቱ ነፍስ ይማር አልነው። ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ኖረ፤ ሚስትም አገባ።»

«እሱማ የቁም ተዝካር ነው» አሉ ቄስ ገብሬ። «ያለ ነገር ነው። ልጅ የሌለው፣ ዘመዱን ያላመነ፣ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው በቁሙ ያወጣል። ኃጢአት የለበትም።»

«እንግዲያ የኪሮስስ የቁም ተዝካር ቢሆን?»

ቄስ ገብሬ አሰቡ፣ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የቁም ተዝካር ባለቤቱ ፈቅዶ ሲሆን ነው። እናቱ ናት ያወጣችለት፣ እሱ መቼ ፈቀደ?»

«ታዲያ ይጠየቃ» አሉ አያ ሞላ።

ጋሽ ብርሃኑ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። «አበራሽ፣ ታይፗን እናውርዳት» አሉ።

ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጥናት። መንደሩ ከበበኝ። ካርቦን ሳስገባ፣ ሪባን ሳቃና ሁሉም አንገቱን አስግጎ ያያል። አንዲት ሴትዮ «የኔንም ስም አንድ ጊዜ ምቺልኝ» ብላ ለመነችኝ። «ጉዳዩ፦ ስለ ቁም ተዝካር ፈቃድ መጠየቅ» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ርዕስ ከዚያ በፊትም በኋላም ጽፌ አላውቅም። ባለጉዳዩ ቆንስላው ፊት ቀርቦ፣ እናቱ ያወጡለትን ተዝካር የቁም ተዝካሩ አድርጎ መቀበሉን በፊርማው እንዲገልጽ፤ ይህ ሲሆን ምስክሮቹ በሕይወት ስለመኖሩ ለመማል ዝግጁ መሆናቸውን አተትን። ቄስ ገብሬ ፈረሙ፤ ሽማግሌዎቹ በጣታቸው አተሙ። እማማ ዘነበች እጃቸውን ዘረጉ። «እማማ፣ እርስዎ ምስክር አይደሉም» አልኩ። «ደጋሽ አይደለሁም?» አሉ። ልክ ናቸው፤ አሳተምኳቸው።

ሰቆጣ ስንመለስ ኃላፊያችን ሊፈርም እስክሪብቶውን አወጣ። ጋሽ ብርሃኑ ወረቀቱን በእጃቸው ሸፈኑት። «መጀመሪያ ያንብቡት» አሉ። አነበበ። «ጋሽ ብርሃኑ፣ ይኸን ብልክ አብዷል ይሉኛል።» «ያለፈውን ሳያነቡ ፈርመው ነው ሰውየው ሜዳ ላይ የቀረው» አሉት። ኃላፊያችን አንገቱን ደፍቶ ፈረመ፤ ከዚያ ወዲህ እኔ የማውቀው ሁሉ አንብቦ ነው የፈረመው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። እማማ ዘነበች በየገበያው እየመጡ በራችን ላይ ይቀመጣሉ። «ፈቀደ?» ይላሉ። «ገና ነው፣ እማማ።» ይሄዳሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ ትጠይቀኛለች፣ ዘበኛው ይጠይቀኛል፣ ሻይ ቤቷ ውስጥ እንኳ «ሰውየው ፈቀደ እንዴ?» ይሉኛል። እማማ ዘነበች በየጊዜው ወደ መስኮቱ እየተጠጉ ነው የሚያዩን። አንድ ቀን እኔን ጋሽ ብርሃኑ ናቸው ብለው «ኮትዎ አማረብዎት» አሉኝ። ሳልስቅ ቀረሁ። ዓይናቸው እየሄደ ነበር።

ደብዳቤው ሲመጣ ጋሽ ብርሃኑ አልከፈቱትም፤ እማማ ዘነበች እስኪመጡ ጠበቁ። ደረቅ ማኅተም አለበት፣ በጣት ሲነካ የሚሻክር። «ባለጉዳዩ በቆንስላው ፊት ቀርቦ፣ ወላጅ እናቱ ያወጡለትን ተዝካር የቁም ተዝካሩ አድርጎ የተቀበለ መሆኑን፣ ሲሞትም ሌላ ተዝካር የማይጠይቅ መሆኑን ገልጾ ፈርሟል» ይላል። ከታች በእስክሪብቶ፣ በሌላ እጅ፣ «እናቱን ሰላም በሉልኝ» የሚል ተጨምሮበታል። የጻፈው የቆንስላው ሠራተኛ ማን እንደሆነ አላወቅንም። እናት ያለው ሰው መሆኑን ግን አወቅን።

የቀረው ቀላል ሆነ። ቄስ ገብሬ ደብዳቤውን በቤተ ክርስቲያን ደጅ አነበቡት። አያ ሞላ መስቀሉን ይዘው ያለ አንዳች ማመንታት «አለ፣ የዘነበች ልጅ ነው፣ የበላሁትም የቁም ተዝካሩን ነው» ብለው ማሉ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ማስረጃውን ጻፍኩት። ጋሽ ብርሃኑ ማኅተሙን «ሃ» ብለው ተነፈሱበት፣ ጋዜጣው ላይ ሞከሩት፣ ግን ስለቸኮሉ ግማሹ የኪሮስ ግንባር ላይ አረፈ። እንደገና ልጻፈው ብዬ ወረቀት ሳስገባ «ተይው፣ ይሂድ፣ ቶሎ ይሂድ» አሉ።

ኪሮስ መጣ። አውቶቡስ መናኸሪያው ሄደን ተቀበልነው። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ሆዱ ትንሽ ወጥቷል፣ አማርኛው የሰባ ሰባት አማርኛ ነው። መጀመሪያ መሥሪያ ቤታችንን ልይ አለ። «የገደለችኝ የትኛዋ ናት?» አለኝ። ታይፔን አሳየሁት። አንድ ፊደል በጣቱ ነካ አድርጎ «ጠንካራ ናት» አለ። ጋሽ ብርሃኑ ይቅርታ ሊጠይቁት ጀመሩ፤ አላስጨረሳቸውም፣ አቀፋቸው።

እኔና ጋሽ ብርሃኑ አብረነው ወጣን። መንደሩ ስንደርስ ሰዉ ከየቤቱ መሶቡን ይዞ መጥቶ ነበር። ማንም አላዘዘም። ተዝካሩን የበላ ሁሉ ዛሬ ሊያበላው ነው የመጣው። አያ ሞላ በግ እየጎተቱ ደረሱ። ኪሮስን ከላይ እስከ ታች አዩትና «አሁን አመንኩ፤ ሙት እንዲህ አይወፍርም» አሉ።

እማማ ዘነበች አልሮጡም፣ እልልም አላሉም። መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው እግራቸው ሥር ሲወድቅ ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን። ማየት እምብዛም አይችሉም ነበር ያን ጊዜ። ከዚያ አጠገባቸው አስቀመጡትና ቀኝ እጁን ይዘው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ቄስ ገብሬ ማዕዱን ባረኩ። ሰዉ ሁሉ መብላት ጀመረ። ኪሮስ ብቻ ተቀምጧል፤ እጁን ቀስ አድርጎ ሊስብ ሞከረ፣ አልተለቀቀም።

እማማ ዘነበች በዚያ መንደር ሥርዓት በማስያዝ የሚፈሩ ሴት ናቸው። በግራ እጁ እንጀራ የነካን ልጅ፣ የራስም ይሁን የሰው፣ በምርኩዝ ነው የሚያስተምሩት፤ ይኸን የነገረኝ ራሱ ኪሮስ ነው፣ መንገድ ላይ፣ እየሳቀ።

«እምዬ፣ እጄን ልቀቂኝና ልብላ» አላቸው።

«በግራህ ብላ» አሉት።

ቄስ ገብሬ ሰምተዋል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አያ ሞላም አዞሩ። እኛም ሁላችን ማዕዳችን ላይ አቀረቀርን። ኪሮስ በግራው በላ።